ባለቤቴ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ቢወስድ ምን ያገኛል? ምንስ ይጠበቅበታል?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ከሱዳናዊ ባለቤቴ ጋር በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ እሱም አዲስ አበባ መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። የኢትዮጵያ ዜግነት ቢወስድ መብቱና ግዴታው ምንድን ነው? ብንፋታስ ዜግነቱን ያጣል?

መልስ፦ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ኢትዮጵያዊት ላገባ የውጭ ዜጋ መንገዱን አሳጥሮለታል። ሌላው አመልካች በአገሪቱ ቢያንስ አራት ዓመት መኖር፣ ከብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ ራሱንና ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሕጋዊ ገቢ ማሳየት ሲኖርበት፣ ለባለቤትዎ ግን ጋብቻው ሁለት ዓመት መሙላቱና ከማመልከቻው በፊት አንድ ዓመት እዚህ መኖሩ፣ ከመልካም ጠባይና ከቃለ መሐላ ጋር በቂ ነው። የጊዜው ጉዳይ እንግዲህ አያሳስባችሁም።

ልትመክሩበት የሚገባው የቀድሞ ዜግነቱ ነው። አዋጁ አመልካቹ የቀድሞ ዜግነቱን የለቀቀ ወይም የኢትዮጵያን ሲያገኝ ሊለቅ የሚችል መሆኑን፣ አለዚያም አገር አልባ መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ጥምር ዜግነት አይፈቀድም። ስለሆነም በአገሩ ያለው ውርስ፣ ጡረታ ወይም የቤተሰብ ንብረት ዜግነቱን ሲተው ምን እንደሚሆን በዚያው አገር ሕግ ያጣራ፤ ይህ ከመሐላው በኋላ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም።

ዜግነቱ ሲሰጠው ያለ መኖሪያ ፈቃድና ያለ ሥራ ፈቃድ ይኖራል፣ ይሠራል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት ይመርጣል፣ ይመረጣል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስለመያዝ በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለው ገደብም አይመለከተውም።

ከግዴታው ዋናው ለአገሪቱና ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ መሆን ነው። ግብር ይጨምርብኛል ብሎ የሚሰጋ ከሆነ ግን ስጋቱ መሠረት የለውም፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ወሳኙ ነዋሪነት እንጂ ዜግነት ስላልሆነ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የሚገኝ ሰው የየትኛውም አገር ፓስፖርት ቢይዝ እንደ ነዋሪ ይታያል። የዜግነት ግዴታ ክብደት ይልቁንስ በመውጫው ላይ ይታያል፦ ወደፊት ዜግነቱን ልተው ቢል፣ ያልተወጣው ብሔራዊ ግዴታ ወይም ያልተቋጨ የወንጀል ክስ ካለበት መልቀቂያ አያገኝም።

ፍቺን በተመለከተ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይደነግጋል፤ አዋጁም ዜግነት ይቀራል የሚለው ሰው ራሱ ሲተወው ወይም የሌላ አገር ዜግነት ሲያገኝ ነው፤ ፍቺ ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም። ፍቺው የተፈጸመው ማመልከቻው ሳይወሰን ከሆነ ግን፣ በጋብቻ የተጠየቀው ዜግነት መሠረቱን ስለሚያጣ፣ የአራት ዓመቱን መንገድ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አይኖረውም።