መንግሥት ቤት ለምትገቡ ልጆቼ

ዋሽንግተንና ዙሪያዋን ያላችሁ ልጆቼ፣ ሕግና ፋይናንስ ተምራችሁ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ስትገቡ ሳይ ደስ ይለኛል። በሒሳብ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና ስለ ዕዳ ሰብሳቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ፌስታል ሙሉ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «ወንድሜ፣ እስቲ ይሄን አንብብልኝ» አሉኝ። የሆስፒታል ዕዳ ነው፤ ኮሌክሽን፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት እጅ፣ ገብቷል። ግማሹ ፖስታ አልተከፈተም፤ ፈርተውት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ መብት ሰጥቷቸዋል፤ ማስታወቂያው በደረሳቸው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ፣ ሰብሳቢው ማስረጃ እስኪያመጣ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። 9 ቀን ቀርቷቸው ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፍንና ፈረሙ።

ስልኩም አላስተኛቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ስለ አንድ ዕዳ በ7 ቀን ከ7 ጊዜ በላይ መደወል እንደ ጥሰት ይገመታል። ይቺ 7 የምትባል ቁጥር ከሰማይ አልወረደችም። ሰብሳቢዎች ከፍ እንድትል፣ የሸማች ተሟጋቾች ዝቅ እንድትል ተከራክረውባታል። ነገ እንዲህ ያለውን ቁጥር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ሚክ ሙልቫኒ ዕዳ ሰብሳቢዎችን የሚቆጣጠረውን የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮን በተጠባባቂነት ሲመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለባንክ ሰዎች የተናገሩት እስካሁን ይከነክነኛል። የምክር ቤት አባል ሳሉ ለምርጫ ዘመቻቸው ገንዘብ ያልሰጣቸውን ሎቢስት (ለድርጅቶች ጥቅም ባለሥልጣን የሚያግባባ ሰው) አያነጋግሩም ነበር፤ የሰጠውን ግን ሊያነጋግሩት ይችሉ ነበር። ከመረጣቸው ሕዝብ መካከል ቢሯቸው ድረስ የመጣውን ግን ያለ ገንዘብ እንደሚያነጋግሩ ጨምረዋል። እሺ፤ ባለ ፌስታሏ እናት ግን ያንን ቢሮ በየት በኩል ያገኙታል?

ከኢንዱስትሪው መምጣት ነውር አይደለም። የሰብሳቢዎችን ዘዴ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ያስፈልገዋል። እኔን የሚያሰጋኝ ከምትቆጣጠሩት ድርጅት የሚመጣው የምሳ ግብዣ ነው። የፌዴራል ደንቡ ለመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ዶላር፣ ከአንድ ሰጪ በዓመት እስከ 50 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ይፈቅዳል። እናንተ እሱንም ተዉት። ውሻ በበላበት ይጮኻል። ከምሳውም የሚብሰው «ነገ ይቀጥሩኛል» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ማንም ሳያያችሁ ብዕራችሁን ያለዝበዋል። ከምትቆጣጠሩት ድርጅት ጋር የሥራ ወሬ ከጀመራችሁ፣ በዚያው ቀን ለአለቃችሁ ነግራችሁ ከጉዳዩ ውጡ። ሕጉም ከጉዳዩ ውጡ ይላል።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አለን። ፌስታል ይዘው የሚመጡ አይጠፉም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሁለት እሁድ መጥታችሁ አብራችሁን ደብዳቤ አንብቡ።