ማሰራጫው ከመሰካቱ በፊት

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለ የኢትዮጵያውያን እድር ጸሐፊ ነኝ። በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን በስልክ የሚላከውን ማስታወቂያ ስለማይከታተሉ ለቅሶና ስብሰባ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ አነስተኛ የአማርኛ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ለመክፈት አስበናል። አንድ አባላችን በኢንተርኔት ማሰራጫ ገዝቷል፤ አንቴናውን ጣሪያቸው ላይ እንድንተክል የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪዎች ፈቅደውልናል። ለዚህች ትንሽ ነገር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገናል? ከሰባቱ የቦርድ አባላት ሁለቱ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የላቸውም፤ ይህስ ችግር አለው?

መልስ፦ ማሰራጫውን አትሰኩት። ለሙከራም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

እ.ኤ.አ. የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ በአንቀጽ 301 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ በሬዲዮ ሞገድ እንዳያሰራጭ ይከለክላል። ፈቃድ ሰጪው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ሁላችንም ኤፍ ሲ ሲ የምንለው ነው። «ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ ማንንም አይረብሽም» የሚለው ክርክር አያዋጣም። በኤፍ ኤም ያለ ፈቃድ የተፈቀደው ጉልበት ከ200 ጫማ ገደማ አያልፍም፤ ይህ ማለት ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እስከ መኪና ማቆሚያው ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡት ዕቃዎች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ይጮኻሉ፤ ሻጩ ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በ2020 መጀመሪያ የወጣው ሕግ ለሕገ ወጥ ሥርጭት በቀን እስከ 100 ሺህ ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ጣሪያ አስቀምጧል፤ ይህም ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ እየተደረገ ነው። እያወቀ ቦታ የሰጠ ባለ ንብረትም ይጠየቃል። ኮሚሽኑ ለባለ ሕንፃው ደብዳቤ ይጽፋል። የፈቀዱላችሁ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪዎች ያ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ምን እንደሚሉ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለእኔ ግን ከገንዘቡ የከፋው ሌላ ነው። ለእናንተ ዓይነት ማኅበር የተዘጋጀ ፈቃድ አለ፤ አነስተኛ ጉልበት ያለው ኤፍ ኤም ይባላል። ከ2000 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን ጉልበቱ እስከ 100 ዋት፣ ሽፋኑም ወደ 3.5 ማይል ገደማ ነው። አመልካቹ፣ ከቦርዱም ማንም ሰው፣ ያለ ፈቃድ አሰራጭቶ እንደማያውቅ በሐሰት ምስክርነት ቅጣት ሥር ሆኖ ማረጋገጥ አለበት። ዛሬ ለአምስት ደቂቃ የምትሞክሩት ሙከራ የነገውን በር ይዘጋባችኋል ማለት ነው።

ወደ ቦርዳችሁ ልምጣ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው፤ አሜሪካ ሃያ ዓመት ቢኖርም ያው ነው። አክሲዮን የሌለው ማኅበር ሲሆን ኮሚሽኑ የሚቆጥረው የቦርድ አባላትን ነው፤ የውጭ ዜጎች ከአምስት አንድ እጅ መብለጥ የለባቸውም። ከሰባት አንድ ቢሆን 14 በመቶ ነው፣ ያልፋል። ሁለት ሲሆን ግን ከ28 በመቶ በላይ ይሆናል፣ አያልፍም። ቦርዱን ወደ አሥር ማስፋት፣ ወይም አንዱ ዜግነቱን እስኪያገኝ በአማካሪነት ማስቀመጥ ይቻላል። ሰው ማባረር አያስፈልግም፤ እድር ውስጥ ይህ ምን ዓይነት ቅያሜ እንደሚያመጣ አውቃለሁ።

የመተዳደሪያ ደንባችሁንም አውጥታችሁ አንብቡት። ፈቃዱ የሚሰጠው ትምህርታዊ ዓላማ ላለው፣ በስቴቱ ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆኖ ለተመዘገበ ድርጅት ነው። ደንቡ ስለ ቀብርና ስለ መዋጮ ብቻ የሚናገር ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻል። ጽሕፈት ቤታችሁ ከአንቴናው በ10 ማይል ውስጥ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከቦርዱ 75 በመቶው በዚያ ክልል ውስጥ ነዋሪ ይሁን።

ችግሩ ማመልከቻው የሚከፈተው ኮሚሽኑ ቀን ቆርጦ ሲያውጅ ብቻ ነው። በ2013 ተከፈተ፣ ከዚያ በኋላ የተከፈተው በዲሴምበር 2023 ነው። በሩ ቢከፈትም በዋሽንግተን ዙሪያ ሞገዱ የተጨናነቀ ስለሆነ ነፃ ቦታ መኖሩን መሐንዲስ ማየት አለበት። ማስታወቂያ መሸጥም አትችሉም። የረዳችሁን እንጀራ ቤት ስሙንና አድራሻውን ጠቅሶ ማመስገን ይፈቀዳል፤ «ዋጋችን ቅናሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይምጡ» ማለት ግን አይፈቀድም።

እስከዚያው ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ብሆን ፈቃድ ካለው ጣቢያ በሳምንት አንድ ሰዓት የአየር ጊዜ እገዛ ነበር። በዚህ አገር ያሉ በርካታ የአማርኛ ዝግጅቶች ሲሠሩበት የኖሩት መንገድ ነው፣ እናንተም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ሆኖም አንድ የተለመደ ነገር ላስጠንቅቅ። የጉዞ ወኪሉ 200 ዶላር ይሰጥና እንደ እንግዳ ቀርቦ «ቃለ ምልልስ» ይደረግለታል፤ አድማጩ የተከፈለበት መሆኑን አይሰማም። ይህ ወንጀል ነው። ክፍያው ለጣቢያው መነገር፣ በአየርም መገለጽ አለበት፤ ደብቆ የተቀበለ አዘጋጅ እስከ 10 ሺህ ዶላር መቀጮና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊያገኘው ይችላል። ገንዘቡ ከውጭ መንግሥት የመጣ ከሆነ፣ የኢትዮጵያም ይሁን የሌላ፣ የራሱ የሆነ የማሳወቂያ ሥርዓት አለው፤ ጣቢያውም በጽሑፍ ይጠይቃችኋል።

ውሉን ስትፈርሙ ባለ ጣቢያው ዝግጅታችሁን የማቋረጥ መብት እንዳለው የሚገልጽ አንቀጽ ታገኛላችሁ። እሱን ለማስወጣት አትድከሙ፤ በአየር ላይ ለዋለው ሁሉ ፈቃዱን የያዘው ስለሚጠየቅ መብቱን አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም። ልትደራደሩ የሚገባችሁ በገንዘቡ ላይ ነው፦ የተቋረጠው ሰዓት በሌላ ቀን እንዲተካ ወይም ክፍያው በ30 ቀን እንዲመለስ በጽሑፍ አስገቡ፤ የሦስት ወር ቅድሚያም አትክፈሉ። ማሰራጫውን ደግሞ ገዝቶ ያመጣው አባል ዛሬ ነገ ሳይል ለሻጩ ይመልሰው።