«ሰውን አትፍረድ» ወይስ «በሰው ላይ አትፍረድ»?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ለማኅበራችን የጥናት ጽሑፍ «ሰውን መፍረድ ኃጢአት ነው፤ ይልቅ ራስህን ፈትን» የሚል ዐረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። አራሚው «ሰውን መፍረድ» አማርኛ አይደለም ብሎ ሰረዘብኝ፤ «ፈትን» የሚለውንም «መርምር» አደረገው። እኔ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ «ሰው ራሱን ይፈትን» ይላል ብዬ ተከራከርኩ። ማናችን ልክ ነን? ለመሆኑስ መፍረድ ኃጢአት ከሆነ ጌታ «ቅን ፍርድ ፍረዱ» ለምን አለ?

መልስ፦ በመጀመሪያው አራሚው ልክ ነው። በሁለተኛው ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ምርጫው የሚወሰነው ለማን እንደሚጽፉ ነው። ሦስተኛው ጥያቄዎ የሃይማኖት ጥያቄ ቢመስልም የመፍትሔው ግማሽ ያለው በመጀመሪያው ጥያቄዎ ሰዋስው ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

«ፈረደ» የሚለው ግሥ በ«ን» የሚወስደው ፍርዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። «ቅን ፍርድን ፈረደ»፣ «አምስት ዓመት እስራት ፈረደበት» እንላለን። ሰውየው በ«በ» ወይም በ«ለ» ይመጣል፦ ፈረደበት፣ ፈረደለት። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በያዕቆብ መልእክት 4፥11 ላይ ሁለት ግሦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያሳየናል፦ «ወንድሙን የሚያማ በወንድሙም የሚፈርድ»። ሰውየው ያው ወንድም ነው። ለማማት «ን»፣ ለመፍረድ «በ»። ሮሜ 14፥4ም «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ይላል፤ «ሌላውን ሎሌ» አይልም።

ታዲያ «ላይ» መጨመር ግድ ነው? ግድ አይደለም፤ ግን ይጠቅማል። «በ» ሁለት ሥራ አላት፤ የሚፈረድበትን ሰውም፣ ለፍርዱ መሠረት የሆነውን ነገርም ታመለክታለች። «በወሬ ፈረደ» ስንል ወሬው መሠረት ነው፤ «በጎረቤቱ ፈረደ» ስንል ጎረቤቱ ተፈራጅ ነው። እነዚህ ግልጽ ናቸው። «በምስክሩ ፈረደ» ቢባል ግን ምስክሩን አምኖ ነው ወይስ ምስክሩን ቀጥቶ? «በምስክሩ ላይ ፈረደ» ሲባል ብቻ ይለያል። ስለዚህ ለዛሬ አንባቢ ሲጽፉ «በሰው ላይ መፍረድ» ቢሉ ይሻላል።

«ሰውን መፍረድ» የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ይመስለኛል። አንደኛው ነቀፈ፣ ተቸ፣ ኮነነ፣ ገመገመ የሚሉት ጎረቤት ግሦች ሁሉ ሰውን በ«ን» መውሰዳቸው ነው። ሁለተኛው ወጣቱ የሚለው «ጀጅ አታድርገኝ» ነው። «ሰውን ጀጅ ማድረግ» የለመደ አፍ ቃሉን ወደ አማርኛ ሲመልስ «ን»ን ይዟት ይመጣል። በንግግር ብዙ አልከፋበትም፤ ለሚታተም ጽሑፍ ግን ይታረም።

አሁን ወደ «ለ» እና «በ» ልዩነት እንመለስ፤ ሦስተኛው ጥያቄዎ እዚህ ነው ያለው። በአማርኛ መፍረድ በራሱ ክፉ ቃል አይደለም። ኢሳይያስ 1፥17 «ለድሀ አደጉ ፍረዱለት» ብሎ ያዛል። የተበደለ ሰውም «ፍረዱልኝ» ብሎ ይጮኻል። ክፉና ደግ የሚያደርገው ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣው ቅጥያ ነው። ማቴዎስ 7፥1ን በዚህ ዓይን ያንብቡት፦ «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ»። «አትፍረዱ» ብቻውን ሲነበብ መፍረድን ሁሉ የሚከለክል ይመስላል። «እንዳይፈረድባችሁ» ውስጥ ያለችው «ባችሁ» ግን የትኛው መፍረድ እንደሆነ ትነግረናለች፤ «ይፈረድላችሁ ዘንድ» አላለም። የተከለከለው በሰው ላይ የሚወርደው፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፍርድ ነው።

ዮሐንስ 7፥24 «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ሲል ደግሞ በ«በ» የተያዘ ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። እዚያ ያለችው «በ» መሠረት አመልካቿ ናት። ነገሩ በሰንበት ስለተደረገ ፈውስ የተነሣ ክርክር ነው፤ አድማጮቹ ድርጊቱን ከላይ ከላዩ ሳይሆን በሚገባ እንዲመዝኑት ነው የተነገራቸው። ድርጊትን መመዘን ደግሞ ራሱ የማቴዎስ 7 ምዕራፍ የሚጠይቀው ነው። «አትፍረዱ» ካለ በኋላ ወረድ ብሎ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ፣ ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ ይላል። ፍሬን ሳይመዝኑ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ሥራ አማርኛ «መለየት» የሚል ንጹሕ ቃል አለው። በአማርኛ «ፈረደ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ «ክሪኖ» መለየትንም፣ መወሰንንም፣ መኮነንንም በአንድ ቃል ስለሚይዝ ነው ተርጓሚ የሚቸገረው።

ሉቃስ 6፥37 ሁለቱን ለያይቶ ያስቀምጣል፦ «አትፍረዱ አይፈረድባችሁምም፤ አትኰንኑ አትኰነኑምም»። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በዛሬው አማርኛ «ኮነነ» ጥፋተኛ ብሎ ማውገዝ ብቻ ነው፤ «ኩነኔ»ም የገሃነም ሽታ አለው። በግእዝ ግን «ኰነነ» ሰፊ ነው፤ መፍረድም መግዛትም ይሆናል፤ «መኰንን»ም የወጣው ከዚሁ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት «ይኰንን ሕያዋነ ወሙታነ» የሚለውን በአማርኛ ጆሮ የሰማ ሰው «በሁሉም ላይ ኩነኔ ያወርዳል» ብሎ ይደነግጥ ይሆናል፤ ትርጉሙ «በሕያዋንና በሙታን ይፈርዳል» ነው። «ፈትሐ» የሚለው ሌላው የግእዝ ቃል ደግሞ መፍረድንም መፍታትንም አንድ ላይ ይዟል፤ «ፍትሕ»ም ካህኑ ለተናዘዘው ሰው የሚለው «ይፍታህ»ም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ወደ «ፈትን» እና «መርምር» ስንመጣ፣ እርስዎ የጠቀሱት 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 ነው፤ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን»። ነገር ግን ከሦስት ቁጥር በኋላ ያው መጽሐፍ «ራሳችንን ብንመረምር ግን ባልተፈረደብንም ነበር» ይላል። 2ኛ ቆሮንቶስ 13፥5 ላይም «ራሳችሁን መርምሩ» እና «ራሳችሁን ፈትኑ» ተከታትለው ይመጣሉ። «ፈተነ» የወርቅ አንጥረኛ ቃል ነው፤ እሳት ውስጥ አስገብቶ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ። «መረመረ» ደግሞ ጠይቆ፣ ገልጦ፣ ዝርዝሩን ማየት ነው። የመጀመሪያው «እውነተኛ ነኝን?» ይላል፤ ሁለተኛው «ምን አደረግሁ? ለምን?» ይላል። ችግሩ «ፈተነ» ዛሬ ሁለት ሌሎች ትርጉሞች ገዝፈውበታል፤ የትምህርት ቤት ፈተናና የሰይጣን ፈተና። «ራስህን ፈትን» ሲባል «ራስህን ለፈተና አጋልጥ» ብሎ የሚሰማ አለ። ገላትያ 6፥1 ላይ «አንተ ደግሞ እንዳትፈተን ራስህን ጠብቅ» የሚለው በዚሁ ትርጉም ነው። ስለዚህ ሲጠቅሱ «ይፈትን» የሚለውን እንዳለ ይተዉት፤ በራስዎ ቃል ሲጽፉ «መርምር» ይበሉ። «ራስን መፈተሽ» የሚለውም አይጠላም፤ ፍተሻ የተደበቀ ነገር ፍለጋ ስለሆነ ለሐሳቡ ይስማማል። «ግለ ሂስ» ግን ቦታው አይደለም። ያ ከአብዮቱ ዘመን የስብሰባ ቋንቋ የመጣ፣ በጓዶች ፊት የሚቀርብ ነው፤ ቃሉ ሲነሣ ሰብሳቢና ቃለ ጉባኤ አብረው ይመጣሉ።

በግሪኩ የ11፥31 «ብንመረምር» እና «ባልተፈረደብን» የአንድ ቤተሰብ ግሦች ናቸው፤ «ዲያክሪኖ» እና «ክሪኖ»። በራሳችን ላይ ትክክለኛውን መለየት ብናደርግ ኖሮ ፍርዱ ባልደረሰብን ነበር እንደማለት ነው። አማርኛው ይህን ዝምድና መያዝ አልቻለም፤ ሐሳቡን ግን አልሳተም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፍዎ ስለዚህ ጉዳይ ስለሆነ ይጠቅምዎታል። በሰው ላይ የምንፈርደው «ፈረደ» በሚለው ግሥ አይደለም። እንዲያውም «እኔ አልፈርድበትም እንጂ…» ብሎ የጀመረ ሰው ከ«እንጂ» በኋላ የሚያደርገው ይታወቃል። የምንፈርደው በዐረፍተ ነገራችን ቅርጽ ነው። «ዋሸ» ድርጊት ነው፤ ጊዜ አለው፤ ሰውየው ንስሐ ሊገባበት ይችላል። «ይዋሻል» ሲሆን ልማድ ሆነ። «ውሸታም ነው» ሲሆን ግን ግሡ ጠፋ፤ ስም ብቻ ቀረ። «ነው» ደግሞ መቼ እንደጀመረም መቼ እንደሚያበቃም አይናገርም። ሰው አንድ ጊዜ ሲዋሽ አይተን ሦስቱን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ እንዘልላለን። «አሉ» ስትታከልበት የባሰ ነው፤ «ሰረቀ አሉ» ብሎ ያወራ ሰው ወሬውን አድርሶ ኃላፊነቱን ግን ስማቸው ላልተጠቀሱ ሰዎች አሸክሟል።

ስለ ራሳችን ስንናገር ሰዋስዋችን ይገለበጣል። ሌላው «አርፍዶ መጣ»፤ እኔ ግን «ረፈደብኝ»። እሱ ብርጭቆውን «ሰበረው»፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ «ተሰበረብኝ»። እሱ «ተሳደበ»፤ እኔን ቃሉ «ከአፌ አመለጠኝ»። እሱ «ቁጡ ነው»፤ እኔ «ንዴት ይዞኝ ነው»። «በ» እንግዲህ ለሌላው መወንጀያ፣ ለእኔ ማምለጫ ሆነች ማለት ነው። «የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት እንኳ ለሴትዮዋ ይህችን ዕድል አልነፈጋትም፤ «አሳርራ» ሳይሆን «አርሮባት» ነው ያላት። ልማዱ ጥንታዊ ነው። ዘፍጥረት 3 ላይ አዳም «የሰጠኸኝ ሴት እርስዋ ከዛፉ ሰጠችኝና በላሁ»፣ ሔዋንም «እባብ አሳተኝና በላሁ» ሲሉ፣ ኑዛዜዋ አንዲት ግሥ ሆና ከሌላው ክስ ኋላ ተንጠልጥላለች።

በሉቃስ 18 ፈሪሳዊው ለሌሎች ስሞችን ይደረድራል፤ ቀማኞች፣ ዓመፀኞች፣ አመንዝሮች። ለራሱ ግሦችን ያስቀራል፤ እጦማለሁ፣ አሥራት አወጣለሁ። ቀራጩ ሌላውን አይነካም፤ ስሙን ራሱ ይወስደዋል፦ «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ»። ዳዊትም በነቢዩ ናታን ታሪክ ውስጥ ስለ ሌላ ሰው እየተናገረ እስከመሰለው ድረስ በቍጣ ሞት ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» ከተባለ በኋላ የመለሰው ሁለት ቃል ነው፤ «እግዚአብሔርን በድያለሁ»። ሰበብ የለም፣ «ብኝ» የለም፤ አንደኛ መደብ፣ አድራጊ ግሥ።

ራስን ለመመርመር ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የሚወጣ ቀላል ሥራ አለ። የቀኑን ስሕተት በወረቀት ይጻፈው፤ «ብኝ» እና «ኝ» ያለባቸውን ግሦች ያስምርባቸው፤ ሐሳቡ በእውነት ከፈቀደ ወደ «አረፈድኩ»፣ «ሰበርኩ»፣ «ተሳደብኩ» ይለውጣቸው። የማይለወጡም ይኖራሉ፤ መኪና ተበላሽቶ የረፈደበት ሰው በግድ «አረፈድኩ» ብሎ ያልሠራውን መናዘዝ የለበትም፤ ያም ውሸት ነው። ስለ ሌላው የጻፈውን ደግሞ በተቃራኒው ይመልከት፦ «ነው» ባለበት ቦታ ያየው ድርጊት የትኛው ነው? ግሡን ማግኘት ካልቻለ ስሙንም ይሰርዝ።

«ጌታስ ራሱ በማቴዎስ 7፥5 ‹አንተ ግብዝ› ብሎ ስም ተጠቅሞ የለም?» ይሉኝ ይሆናል። ተጠቅሟል፤ ግን «እሱ ግብዝ ነው» ብሎ ለሦስተኛ ሰው አልነገረም። የተናገረው ለዚያው ሰው፣ በፊቱ ነው። ከቃሉ በኋላም ትእዛዝ እንጂ ብይን አልተከተለም።

ያ ትእዛዝ ዐረፍተ ነገርዎ ውስጥ ያለችውን «ይልቅ» የሚነካ ነው፤ አራሚው አልፏታል፣ እኔ ግን አላልፋትም። «ይልቅ» አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ ናት። ጥቅሱ ግን «አስቀድመህ ከዓይንህ ምሰሶውን አውጣ፥ ከዚያም በኋላ ከወንድምህ ዓይን ጉድፉን ታወጣ ዘንድ አጥርተህ ታያለህ» ነው የሚለው። ምርጫ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፤ ጉድፉም እዚያው አይቀርም። ከዓይን ጉድፍ ማውጣት ቅርብ ሆኖ፣ በዝግታ፣ በጠራ ዓይን የሚሠራ ስለሆነ ነው ምሰሶው መቅደም ያለበት። ለዚህ ሁለተኛ እርምጃ ማቴዎስ 18፥15 የሚጠቀመው ቃል «ውቀሰው» ነው፤ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» ከሚል ገደብ ጋር። ገላትያ 6፥1 «አቅኑት» ይላል። ሁለቱም ሰውን በ«ን» ይወስዳሉ። እንዲህ ቢጽፉትስ፦ «በወንድምህ ላይ አትፍረድ፤ አስቀድመህ ራስህን መርምር፤ ከዚያም ወንድምህን ለብቻው አግኝተህ ውቀሰው።»

የቀረው የፊደል ነገር ነው። «ራስህን» እንጂ «እራስህን» ብለው አይጻፉ፤ «እ» የንግግር ጭማሪ ናት። «ራስ» ደግሞ ጭንቅላትም ስለሆነ «ራሱን ተመረመረ» ቢሉ ሐኪም ዘንድ የሄደ ይመስላል፤ «ራሱን መረመረ» ይበሉ።