ኢ-ቢም ልትሰለጥኚ ነው? የፓምፑን ሰዓት አትናቂው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ኮምፒውተር ላይ እስክቀመጥ አቆየሁት። ማስተርስ ጀምረሻል፤ በሚቀጥለው ወር ክሊንሩም (አየሩ ከአቧራ የተጣራ ላብራቶሪ) ገብተሽ በኢ-ቢም ኢቫፖሬተር (ብረትን በኤሌክትሮን ጨረር አትንኖ ናሙና ላይ በስሱ የሚያነጥፍ) እና በስፐተሪንግ ማሽን (በጋዝ አየኖች እየመታ አተሞችን አስፈንጥሮ የሚያነጥፍ) ትሰለጥኛለሽ፤ «ምን አንብቤ ልግባ? ማሽኑን ብሰብረውስ?» ነው ያልሽው። እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ክሊንሩም ተማሪዎችን በእነዚሁ ማሽኖች ሳሰለጥን 9 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት እኔም እንዳንቺ እየተርበተበትኩ የገባሁ ተማሪ ነበርኩ።

ከፍርሃቱ ልጀምር። እስካሁን ማሽን ሲያበላሹ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ፈሪዎች አልነበሩም። አራተኛ አምስተኛ ጊዜያቸው ላይ ደርሰው «አሁንማ ለመድኩት» ያሉ ናቸው። የመጀመሪያ ቀንማ ሁሉም እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚያየው። (የክሊንሩም ቱታ ኪስ የለውም እንጂ።) ትንሽ ፍርሃት ይዘሽ ግቢ፤ አይጎዳሽም።

አለባበሱን በአንድ ቀን ትለምጂዋለሽ፤ ከላይ ወደ ታች ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ። የፀጉር ዘለላ ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንቺ የምትሠሪው መስመር ደግሞ 2 ማይክሮን ሊሆን ይችላል። በጓንትሽ አፍንጫሽን ነክተሽ በዚያው እጅ ቻምበር (አየሩ የሚወጣለት የማሽኑ ክፍል) ውስጥ አትግቢ። የቆዳ ወዝ ቫኪዩም ውስጥ ቀስ እያለ ይተናል፤ ፓምፑም ሲታገለው ያመሻል።

ስልጠና ላይ አብዛኛው ሰው የቁልፍ ቅደም ተከተል ነው የሚጽፈው። ይህን ተጫን፣ ያንን ጠብቅ፣ ይህን ክፈት። እሱማ ማሽኑ ጎን ተለጥፏል። ፓምፑ አየሩን እስኪያወጣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጠብቂያለሽ። ያንን ሰዓት ስልክሽ ላይ አታጥፊው፤ ግፊት መለኪያውን እይበት። ቁጥሩ በስንት ደቂቃ የት እንደሚደርስ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ጤነኛ ማሽን ሁልጊዜ በተቀራራቢ ፍጥነት ነው የሚወርደው። አንድ ቀን ወደኋላ ከቀረ ምክንያት አለው። የበሩ ጎማ ላይ ቅንጣት ይኖራል፣ ወይ ናሙናሽ ላይ ያለው ፎቶሬዚስት (በብርሃን ቅርጽ የሚወጣለት ሽፋን) በደንብ አልደረቀም፣ ወይ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው በሩን ከፍቶ ቡና ሊጠጣ ሄዷል። በሩ ክፍት በቆየ ቁጥር የአየሩ እርጥበት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ፓምፑን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ያ ውሃ ነው።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግሽ ልንገርሽ። ግፊቱ የአንድ ቶር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሚሊዮንኛ ላይ ሲደርስ አንድ ሞለኪውል ከሌላው ሳይጋጭ በአማካይ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል። ቻምበሩ ደግሞ ቢበዛ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ከታች የተነነው ወርቅ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ጥላ ያለበት ቦታ አይደርስም። ስፐተሪንግ ላይ ግን አርጎን ታስገቢያለሽ። በ5 ሚሊቶር ያ 50 ሜትር ወደ 1 ሴንቲሜትር ይወርዳል። አተሞቹ እየተላተሙ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ጎኑንም ጥጉንም ያለብሱታል። ይህ ከገባሽ «ለሊፍት-ኦፍ የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብለሽ ማንንም አትጠይቂም። ሊፍት-ኦፍ ማለት ፎቶሬዚስቱን በአሴቶን አሟሙቶ ላዩ ያለውን ብረት አብሮ ማንሳት ነው፤ የፎቶሬዚስቱ ጎን ከለበሰ አሴቶኑ መግቢያ አያገኝም። በግድ ቢላቀቅ እንኳ ብረቱ ጠርዙ ላይ እንደተቀደደ ወረቀት ቆሞ ይቀራል።

ወርቅ ደግሞ መስታወት ላይ በደንብ አይጣበቅም፤ ተራ ፕላስተር ለጥፈሽ ብትስቢው አብሮ ይነሳል። ለዚህ ነው ቀድሞ 5 ወይም 10 ናኖሜትር ቲታኒየም ወይም ክሮም የሚነጠፈው። ወርቁ የሚከተለው ቫኪዩሙ ሳይከፈት ነው፤ ከተከፈተ የሥሩ ብረት ኦክሳይድ ይለብሳል። ቲታኒየሙ መትነን ሲጀምር የግፊቱን ቁጥር እይው። ይወርዳል። የቀረውን ኦክስጅንና ውሃ ብረቱ ራሱ እየያዘ ይቀብረዋል። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ደስ ይለኛል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ተማሪ ሳለሁ ቲታኒየም ነጥፌ ወደ ወርቅ ስዞር፣ ውፍረት መለኪያው ላይ የቲታኒየሙን ዴንሲቲ (እፍጋት) ሳልቀይር ሸተሩን (ከሚተነው ብረትና ከናሙናው መሃል ያለውን መዝጊያ) ከፈትኩ። መለኪያው ትንሽ ኳርትዝ ክሪስታል ነው። በሰከንድ 6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ብረት ሲያርፍበት እየከበደው ይዘገያል። የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው። ውፍረቱን የሚያሰላልሽ አንቺ በሰጠሽው ዴንሲቲ ነው። የቲታኒየም 4.5፣ የወርቅ 19.3 ግራም በኩብ ሴንቲሜትር ነው። ስክሪኑ 100 ናኖሜትር ብሎ ቆመ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ናሙናውን መብራት ላይ ሳነሳው ወዲያ ማዶ ይታያል፤ ያውም አረንጓዴ ሆኖ። 100 ናኖሜትር ወርቅ እንዲህ አያሳይም። ፕሮፋይሎሜትር (የደረጃን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ) ላይ ስለካው 23 ናኖሜትር ገደማ ሆነ። የሦስት ሳምንት ሥራ ውሃ በላው።

ከዚያ ወዲህ ሸተር ከመክፈቴ በፊት ሦስት ነገር ጮክ ብዬ እላለሁ፤ የብረቱን ስም፣ ዴንሲቲውንና ክሩሲብሉ (ብረቱ የሚቀልጥበት ጽዋ) ያለበትን የኪስ ቁጥር። ሰልጣኞቼንም አስብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ። አንዷ እየሳቀች «ወርቅ፣ 19.3፣ ኪስ 2» ብላ ድንገት ዝም አለች። ማሽኑ ላይ የዞረው ኪስ 3 ነበር፤ ክሮሙ።

የኢ-ቢሙ ኤሌክትሮን ጨረርም ጠባይ አለው። በ10 ኪሎቮልት ገደማ ይነሳል፤ ማግኔት 270 ዲግሪ አጥፎት ክሩሲብሉ ላይ ያሳርፈዋል። በጥቁሩ መስታወት አይተሽ መሃል ላይ መሆኑን ሳታረጋግጪ ኃይል አትጨምሪ። ከወጣ በውሃ የሚቀዘቅዘውን የመዳብ ማቀፊያ ይበላል። መሃል ላይ ሆኖም ጭማሪው ቀስ ይበል፤ በችኮላ ሲሆን ብረቱ ይረጭና ናሙናሽ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ያርፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እዚህ ለቀማም የለም። አሉሚኒየም ላይ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቂ። ሲቀልጥ በክሩሲብሉ ግድግዳ ሽቅብ ይሳባል፤ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጥቀው ይችላል። እስከ አፉ አትሙዪው።

ስፐተሪንጉ ቀለል ይላል። ሸተሩ እንደተዘጋ ጥቂት ደቂቃ አስኪጂው፤ የታርጌቱ (አተሞቹ የሚነቀሉበት ቁራጭ) ፊት ይጸዳል። ለብረት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት)፣ ኤሌክትሪክ ለማያስተላልፍ ነገር በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን አርኤፍ (በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የሚቀያየር ጅረት) ትጠቀሚያለሽ። የሴራሚክ ታርጌት ከሆነ ኃይሉን በአንዴ አትስጪው፤ ይሰነጠቃል።

ቤት የሠራሽውን የናሙና መያዣ ይዘሽ ከመጣሽ ብሎኖቹን አሳዪ። ናስ ከሆኑ በሩ ላይ ይቀራሉ። ናስ ውስጥ ዚንክ አለ፤ ዚንክ ደግሞ ቫኪዩም ውስጥ ትንሽ ሲሞቅ ተንኖ ቻምበሩን በሙሉ ያለብሰዋል። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው ናሙናም አብሮ ይበላሻል።

ብሰብረውስ ላልሽው፣ የሆነ ነገር ያበላሸሽ ከመሰለሽ ማሽኑን እንዳለ ትተሽ ሰው ጥሪ። ሎግ ቡኩ ላይም የሆነውን እንዳለ ጻፊው። ጥፋቱን ራሱ መጥቶ የነገረኝን ተማሪ ከማሽን ከልክዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ የወደቀ ክሩሲብል ስባሪ ሳይነገረን ቀርቶ ፓምፕ አወጣን ፈታን፣ ሳምንት ሙሉ ማሽኑ ቆመ። ያደረገው ልጅ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ቢነግረኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ለመጀመሪያው ቀን የራስሽን ውድ ናሙና አታምጪ። አንድ የማይክሮስኮፕ መስታወት በአሴቶንና በአይሶፕሮፓኖል አጥበሽ፣ ግማሹን በካፕተን ቴፕ (ሙቀት የሚችል ቴፕ) ሸፍነሽ ይዘሽ ነይ። ስትጨርሺ ቴፑን አንስተሽ ደረጃውን ፕሮፋይሎሜትር ላይ ለኪው። ስክሪኑ ካለሽ ጋር ካልገጠመ ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልን፤ አብረን እናየዋለን።