የመሥራት አቅም ሲቀንስ ሥራ መልቀቅ ይገባል?

ጥያቄ፦ 56 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዕቃ በማንሳት ስሠራ ኖሬ፣ አሁን ጉልበቴና ወገቤ አልታዘዝ ብለውኛል። ጡረታዬ ሳይደርስ ልልቀቅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመሥራት አቅም የሚለካው በጤና ብቻ ሳይሆን፣ የሰውየው ጉልበትና ሙያ ሥራው ከሚጠይቀው ጋር በመመጣጠኑ ጭምር ነው። የፊንላንድ የሥራ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት መለኪያ ከ7 እስከ 49 ነጥብ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከ28 በታች ያለው ደካማ ይባላል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ በሕይወትዎ ከሁሉ የበለጠውን አቅምዎን 10 ቢሉት ለዛሬው ስንት ይሰጡታል የሚል ነው፤ እርስዎም ይህንኑ ራስዎን ይጠይቁ። ነጥባቸው ዝቅ ያለ ሠራተኞች በጤና ጉድለት ጡረታ ቀድመው የመውጣት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል።

ሆኖም ነጥቡ ሊሻሻል ይችላል። ዕቃው ከወለል መነሳቱ ቀርቶ በወገብ ከፍታ ቢደረደር፣ በየመካከሉም መቀመጫ ቢፈቀድልዎ፣ ያው ጉልበት ለሥራው ሊበቃ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ አሠሪዎች ይህን የሚያስቡት ሠራተኛው ለወራት የሕመም ፈቃድ ከወሰደ በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የሥራ ምደባዎ እንዲስተካከልም አለቃዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።