ለጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ መምረጥና መቅጠር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን ከመመለሴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የባለሙያውን የሙያ ፈቃድ ዋናውን በዓይናችሁ ሳታዩና ከሰጠው ቢሮ ሳታረጋግጡ ማንንም ወንበር አጠገብ አታቁሙ።

ከየካ አባዶ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ሁለት ወንበር ክሊኒክ ከፍቻለሁ። የአመልካቾቹ ሲቪ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ ጥሩ ረዳት በምን ትለያለች?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ረዳትን በቃለ መጠይቅ ብቻ የመረጠ ሰው በኋላ መጸጸቱ አይቀርም፤ መታየት ያለበት እጇ ነው። እኔ አመልካቾችን አንድ ቀን ጠርቼ፣ የቀኑን ከፍዬ፣ ታካሚ ላይ ያልዋሉ መሣሪያዎችን እንደ ቆሸሹ ቆጥረው ከማጠብ እስከ ማምከን እንዲያደርሱልኝ አደርጋለሁ። ባለፈው ሁለት መጥተው ነበር። አንደኛዋ ብዙ የሥልጠና ወረቀት ይዛ ነበር፤ አውቶክሌቩ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ሥራውን እንደጨረሰ መሣሪያዎቹ የታሸጉባቸውን የወረቀት ከረጢቶች አውጥታ በቀጥታ መሳቢያ ውስጥ ደረደረች። ሁለተኛዋ ግን ከረጢቱን በጓንቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ይኼ እርጥብ ነው፤ በአዲስ ከረጢት እንደገና ይግባ» አለችኝ። የረጠበ ወረቀት ጀርም ስለሚያሳልፍ፣ በ134 ዲግሪ የመከነ መሣሪያም ቢሆን ከረጢቱ እርጥብ ሆኖ ከወጣ እንዳልመከነ ይቆጠራል። የቀጠርኩት ሁለተኛዋን ነው። ሲሪንጅ ስትከድን በሁለት እጇ የምትከድን ከሆነም ልብ በሉ፤ መርፌ የሚወጋት በዚያች ቅጽበት ነው።

ከአያት፦ ጥሩ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ምን ዓይነት ሠራተኛ? ሐኪም፣ ረዳት፣ ሪሴፕሽን ወይስ የጽዳት? ለይተው ይጠይቁኝ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ሐኪም በደመወዝ ልቅጠር ወይስ በፐርሰንት?

መልስ፦ በደመወዝ ይቅጠሩ። ገቢው በሠራው ልክ ብቻ የሆነ ሐኪም፣ በሙሌት ሊድን የሚችለውን ጥርስ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ያስፈልገዋል ለማለት ይፈተናል፤ የሰፈር ታካሚ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተታለለ ጎረቤቱንም ይዞ ይቀራል።

ከጀሞ፦ ዶክተር፣ በዚህ አልስማማም። ደመወዝ ብቻ ከሆነ እስከ እኛ ድረስ የሚመጣ ሐኪም የለም፤ ሁሉም ቦሌ ይቀራል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ እውነት ነው፤ እኔም ሁለት ሐኪሞች በትራንስፖርት ምክንያት ለቀውብኛል።

ከአያት፦ ትራንስፖርቱንማ ተዉት፤ ባለፈው ሳምንት ታክሲ ፍለጋ አንድ ሰዓት ቆሜ...

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ፐርሰንት የግድ ከሆነ ከመነሻ ደመወዝ በላይ ትንሽ ይሁን፤ የሕክምናውን ዕቅድም ኤክስሬዩን ይዞ ሌላ ሐኪም በየጊዜው ይመልከተው። ፈቃዱንም ከሰጠው ቢሮ አረጋግጡ፤ በፐርሰንት የሚሠራም ከዚህ ነጻ አይደለም።

ከለገጣፎ፦ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው የሚሉኝ አሉ፤ ልክ ነው?

መልስ፦ ያ የቀድሞው አዋጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል ብቻ ተስማምታችሁ በኋላ «ሙከራ ላይ ነበረች» ብትሉ አያስኬድም።

ከገላን፦ ያመለከተችው ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልተዋት?

መልስ፦ በዚህ ምክንያት መተው አድልዎ ነው፤ ሕጉም ይከለክለዋል። ሥራውን የምትችል ከሆነ ይቅጠሯት። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው፤ ተተኪ ከወዲሁ ያሠልጥኑ።

ከሰሚት፦ ለሪሴፕሽን ደመወዝ ስንት ልክፈል?

መልስ፦ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ገንዘብ ትይዝ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ምን ልበልዎ?

ከጀሞ፦ እሺ ዶክተር፣ ጥሩ ሠራተኛ ግን ከየት ነው የምናገኘው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከላይ ተነሥቷል፤ አሁንም የትኛውን ሠራተኛ እንደሆነ አልተነገረኝም። ለሪሴፕሽን ከሆነ ከዚያው ከሰፈራችሁ ፈልጉ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሥራ መልስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ልጅ ልቧ ታክሲው ላይ ሆኖ ታካሚውን ታጣድፈዋለች። ለሐኪምና ለረዳት ደግሞ አብረዋቸው የሠሩትን በስልክ ጠይቁ፤ ጥያቄው «ጥሩ ናት ወይ?» ሳይሆን «ዳግመኛ ትቀጥራት ነበር ወይ?» ይሁን። መልስ ሰጪው ትንሽ ዝም ካለ አስቡበት። ፈቃዱን ማረጋገጥ ግን በዚህ አይተካም።

ከየካ አባዶ፦ የረዳቷን የጉበት ቫይረስ ክትባት ማን ይክፈል? እሷ ወይስ እኔ?

መልስ፦ እርስዎ ይክፈሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ በስድስተኛው ወር ይሰጣል። አንዱ ዙር ብቻውን ስለማይበቃ፣ ሦስቱን እስክትጨርስ ድረስ መርፌውንና ስለታም መሣሪያውን ቀድሞ የተከተበ ሠራተኛ ያንሳ፤ እሷ ፋይሉንና ቀጠሮውን ትያዝ።