እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ የግቢ አስፋልት

ኮምቦልቻ ያሉ አንድ የመጋዘን ባለቤት ጥያቄ ከነፎቶው ልከውልኛል። የግቢያቸው አስፋልት ከተነጠፈ አራት ዓመቱ ነው። የትንንሽ መኪኖች ማቆሚያው ደህና ነው፤ አልፎ አልፎ ቀጫጭን ስንጥቅ አለው። በሩ ጋ፣ የጭነት መኪና የሚዞርበት ቦታ ግን እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ዘንድሮ ክረምት ደግሞ ሁለት ቦታ ተቦርቡሯል። አንድ ተቋራጭ «በላዩ 3 ሴንቲ አዲስ አስፋልት እናልብሰውና ይገላገሉ» ብሏቸዋል። ላሠራው ወይስ ይቅር ነው ጥያቄው።

ይቅር። ብሩን ለሚረባ ነገር ያቆዩት።

የአዞ ቆዳ የሚመስል ስንጥቅ ከታች ነው የሚመጣው። መሠረቱ ለስልሷል ማለት ነው። ጎማ ባለፈ ቁጥር አስፋልቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መልሶ ይነሳል። ሽቦ እያጠፉ ሲዘረጉት በመጨረሻ እንደሚበጠሰው ነው። 3 ሴንቲ ቢደርቡበት አዲሱም አብሮ ዝቅ ከፍ ይላል። ስንጥቁም እዚያው መስመር ላይ ይወጣል። የተበላሸው በሩ ጋ ብቻ ስለሆነ ግን አብሽሩ፣ ግቢው በሙሉ አልሄደም።

መሠረቱን ያለሰለሰው ምንድን ነው? ፎቶው ላይ ዓይኔ የሄደው የጣሪያው አሸንዳ ላይ ነው። የዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ውሃ ወርዶ የሚፈሰው በሩ ጋ ነው። አጥሩ ሥር ያለው ቦይ ደግሞ በአፈር ተደፍኗል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ አስፋልቱ ሥር ይገባል። ቦታው ጥቁር አፈር ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ላይ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለውም አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው አስፋልቱ አይደለም። የአሸንዳውን ቱቦ ወደ ቦዩ ያዙሩት። ቦዩን ያስጠርጉ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ውሃ በሩ ጋ አፍስሱና የት እንደሚቆም ምልክት አድርጉ። አዲሱ ሥራ በ1 ሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ተዳፋት ይኑረው። ይህ ካልተስተካከለ የፈለጉትን ያህል ቢያወጡ ይመለሳል።

ቀጥሎ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር ያስከፍቱ። ጠጠሩ ጭቃ ተቀላቅሎበት ከሆነ፣ ወይም ድጅኖው ዝም ብሎ የሚገባ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ይወጣል። ቆረጣው ከስንጥቁ ዳር 30 ሴንቲ ያህል አልፎ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይሁን። በዶማ የተነጨ ጠርዝ ሁሌም ከዳር ይበላል። ከሥር ጥቁር አፈር ካለ እሱን አስወጥተው ደረቅ ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚሆን ጠጠራማ አፈር) ያስገቡ። በአንድ ጊዜ ከ15 ሴንቲ በላይ አይደልድሉ፤ እርጥበት እየሰጡ በየድርብርቡ ያስጠቅጥቁ። በላዩ 20 ሴንቲ የተፈጨ ጠጠር ይገባል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። የጭነት መኪና ለሚዞርበት ለዚያ ቦታ አስፋልት አልመክርም። ቆሞ መሪ የሚያዞር ከባድ መኪና አስፋልቱን ያፍተለትለዋል። የሚንጠባጠበው ናፍጣ ደግሞ ሬንጁን ያሟሟዋል። ብረት የገባበት 20 ሴንቲ ኮንክሪት ይሻላል። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ያጠጡት፤ 28 ቀን ሳይሞላው መኪና አያስገቡ። ሥራ ማቆሙ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቦታውን ግማሽ ግማሽ እያደረጉ ቢሠሩት መኪናው መግቢያ አያጣም።

አስፋልት ይሁን ካሉ ግን ቴርሞ ሜትር ይዘው ይቁሙ። ትኩሱ አስፋልት ሲደርስ 130 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ከ80 በታች ከወረደ በኋላ ሮለር ቢመላለስበት አይጠብቅም። ቀጭን ንጣፍ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል።

የመኪና ማቆሚያው ስንጥቅ ቀላል ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋውን በኮምፕሬሰር አየር አጽድተው፣ ሲደርቅ ትኩስ ሬንጅ ይሙሉበት፣ ጥሩ አሸዋ ይበትኑበት። ሬንጁ እስኪጨስ ድረስ አይፍላ፤ የተቃጠለ ሬንጅ ይደርቃል፣ ይሰባበራል።

ጊዜውን ልብ ይበሉ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ በልግ ሳይገባ ይጨርሱት። ደሴ ላይ አንድ ግቢ በነሐሴ ጠግኛለሁ። ባለቤቱ ቸኩለው ነበር፣ እኔም እሺ አልኩ። ጉድጓዱ ሳይደርቅ ሞላነው። ጥቅምት ላይ ልጥፉ ተነቅሎ ወጣ፤ በራሴ ወጪ ደግሜ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ጉድጓድ ላይ አስፋልት አላስገባም።

ጉድጓዱን ሲያስከፍቱ ከጎኑ ሜትር አስደግፈው ፎቶ ይላኩልኝ። የአስፋልቱን ውፍረትና የጠጠሩን መጠን ካየሁ እስከ ምን ድረስ እንደሚቆፈር እነግርዎታለሁ።